ሲቆም የሚሠራ፣ ሲሄድ የሚጠፋ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መኪናውን ሱቄ ደጃፍ አቁሞ ገባና «ጋሼ፣ ውፈሩ አስቸገረኝ፤ ሲቆም ይሠራል፣ ሲሄድ ይጠፋል» አለኝ። በእጄ የያዝኩትን ካቻቢቴ አስቀመጥኩት። ልጁ ብልሽቱን የማሰላስል መስሎት ጠበቀኝ። ለእኔ ግን የመጣልኝ የአቧራ ሽታ ነበር፤ የዚያ ከደባርቅ ወደ ዳባት የሚወስደው የጠጠር መንገድ አቧራ፣ ከናፍጣና ከጋቢ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ። አሁን መንገዱ አስፋልት ሆኗል፣ እኔም ጎንደር ከገባሁ ብዙ ዓመቴ ነው። አፍንጫ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም።

ለማታውቀው ልንገርህ። ውፈር ማለት ከመኪና ኋላ በእንጨት ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ትልቅ ስፒከር ነው። የዘፋኙ ቃል አይወጣበትም፤ የሚወጣበት ወፍራሙ ምት ብቻ ነው። ይህ ምት ከጆሮ ይልቅ በደረትና በወንበር ይታወቃል። ብዙ ሰው የጎረምሳ ቅንጦት አድርጎ ያየዋል፤ እኔም እስከ ሃያ ሦስት ዓመቴ ድረስ እንደዚያው ነበር የማየው።

ያኔ ደባርቅ ነበርኩ። ጎንደር ኤሌክትሪክ ተምሬ ተመልሼ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት በአንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ፣ ቴፕና የመኪና መብራት እጠግናለሁ። የጠዋቱ ብርድ ጣት ስለሚያደነዝዝ ሥራ የምጀምረው ፀሐይ ቆርቆሮውን ካሞቀችው በኋላ ነበር። አብሮ አደጌ ደግሞ ሹፌር ነው፤ ከደባርቅ ዳባት ሚኒባስ ይነዳል። በጥር ወር አንድ ሰኞ ጠዋት መጣና ያንኑ ነገር ተናገረ። ሲቆም ይሠራል፣ ሲሄድ ይጠፋል።

«ታዲያ ምን አስጨነቀህ? ተሳፋሪው ይመርቅሃል» አልኩት።

አልሳቀም። «እሑድ እኮ የእህቴ ሠርግ ነው» አለኝ።

እህቱን ማን የማያውቃት አለ። አሥር ዓመት ሲሆናት ማጅራት ገትር ታመመች፤ ነፍሷ ተረፈ፣ ጆሮዋ ቀረ። ንግግሯን አልረሳችም፤ ድምፅዋ ግን ከፍና ዝቅ የሌለው፣ ዝግ ያለ ሆነ። ሰው የሚላትን የምትረዳው ከንፈር እያየች ነው። ስለዚህ እሷን የሚያናግር ሰው ፊት ለፊቷ መቆም አለበት፤ ዞር ካለች ጨዋታው እዚያው ላይ ያበቃል።

ወንድሟ ቁጭ ብሎ አጫወተኝ። ለሠርጓ ከቤተሰቡ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሙሽራው ወገኖች በአበባ አስጊጠው የሚያመጡትን የቤት መኪና ትታ፣ በወንድሟ ሚኒባስ የመጨረሻ ወንበር ላይ፣ ጀርባዋን ለውፈሩ ሰጥታ ልትሄድ ፈልጋለች። «የራሴን ሠርግ ልስማው» ብላለች። አየህ፣ በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከአባቷ ቤት የምትወጣው በዘፈንና በእልልታ ነው። ለእሷ ግን ያ ሁሉ ሰው አፉን የሚከፍትና የሚዘጋ ነበር። ዘፈን የሚደርሳት በአጥንቷ ነው፤ መንገድ ላይ ደግሞ ከዚያ ሳጥን ሌላ የሚያደርስላት አልነበረም።

«እናቴ ምን እንዳለች ታውቃለህ?» አለኝ። «ልጄ ጭጭ እንዳለባት ከቤቴ አትወጣም፤ ለሬሳ እንኳ ይጮኽለታል፣ አለች።»

ያን ዕለት መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁመን ፈተሽን። ፊውዙ ደህና ነው፣ የባትሪው ራስ ጠብቋል፣ ዲናሞው ይሞላል። የጎረቤት ዶሮዎች ግቢውን ጥለው እስኪሸሹ ድረስ ግማሽ ቀን አስጮኽነው፤ አንዴም አልጠፋም። ከሰዓት በኋላ ሰው ጭነን ወጣን። ከደባርቅ ብዙም ሳንርቅ ጠፋ። ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ጠፋ። ሽቦውን እየተከተልኩ ወንበር ሥር ስገባ ሞተሩ፣ ጠጠሩና የተሳፋሪው ወሬ አንድ ላይ ይጮኹብኛል፤ ውፈሩ በየትኛዋ ቅጽበት እንደሚጠፋ መለየት አቃተኝ።

«ለዚህስ እሷ ትሻላለች» አለ ወንድሟ። «እሷን ወሬ አያደናግራትም።»

ነገር ግን ልጅቷ ሙሽራ ናት። ሠርጓ የደረሰ ልጅ ያን ሳምንት ከቤት አትወጣም፤ ሰው ዓይን ውስጥ ትገባለች ይባላል። እናቲቱ መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። «ሙሽራ በሚኒባስ ስትመላለስ አገር ምን ይለኛል?» አሉ። ልጅቷ እግራቸው ሥር ተቀምጣ ዓይናቸውን ዓይናቸውን ስታይ ግን ልባቸው ራራ። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከኋላ ተቀምጣ፣ ከወንድሟ ሳትለይ እንድትሄድ ፈቀዱ። ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ አደራ። ቶሎ አግኝልኝ» አሉኝ። አደራ የሚለውን ቃል ሲሉ እጄን ያዙኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ተሳፈርን። አንዱን እጇን ከጀርባዋ ሳጥኑ ላይ አሳረፈች፣ ሌላውን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ምልክታችን ቀላል ነበር፤ ውፈሩ ሲመታ ጉልበቷ ላይ ያለውን እጅ ትከፍታለች፣ ሲጠፋ ትጨብጠዋለች። እኔ በመተላለፊያው ላይ፣ በተሳፋሪ እግር መሐል ተንጋልዬ፣ ባትሪ መብራቴን በጥርሴ ነክሼ ያን እጅ እመለከታለሁ። ቀጭን እጅ ነበር፤ ለሠርጉ የተቀባችው እንሶስላ ጥፍሮቿን አቅልቷቸዋል። አንዲት አሮጊት «ይሄ ልጅ ምን ጠፍቶት ነው መሬት የሚተኛ?» እያሉ ከላዬ ያዝኑልኛል።

የዚያን ጊዜ ሚኒባስ ታስታውስ እንደሆን፣ ወንበሩ ሲሞላ በመተላለፊያው ላይ በርጩማ ይደረደርና ትርፍ ሰው ይቀመጥበታል። ከጃናሞራ የመጡ አንድ ግዙፍ ባላገር ገቡና ረዳቱ ከእኔ ራስ አጠገብ በርጩማ አደረገላቸው። ሰውዬው ተቀመጡ። እጇ ተጨበጠ። ወቅን ከተማ ልንደርስ ስንል ረዳቱ ትራፊክ አየና «ዝቅ በሉ! ዝቅ በሉ!» ብሎ ጮኸ። ትርፎቹ ሁሉ ከበርጩማቸው ወርደው ቁጢጥ አሉ። እጇ ተከፈተ፤ ውፈሩም ልክ ትራፊኩ ፊት ስንደርስ እንደ ነጋሪት አጓራ። ሹፌሩ ድምፁን ለመቀነስ ሲጣደፍ ቴፑን ሊነቅለው ምንም አልቀረው።

«ይሄስ ደንብ አስከባሪ ሲያይ ነፍስ ይዘራል!» አሉ ባላገሩ፤ መኪናው በሳቅ ሞላ። ከዚያ ተነሥተው በርጩማቸው ላይ ተመለሱ። እጇ ተጨበጠ።

የበርጩማውን እግር አየሁት። ባትሪው ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ኃይል የሚወስደው ሽቦ በመተላለፊያው ምንጣፍ ሥር ነው ወደ ኋላ የሚሄደው፤ በርጩማው ደግሞ ልክ እላዩ ላይ ቆሟል። እጄን ምንጣፉ ሥር ሰድጄ ዳበስኩት። የሽቦው ላስቲክ ደህና ነው፤ ውስጡ ግን በስንት ትርፍ ሰው ክብደት ተበጣጥሶ ልፍስፍስ ብሏል። ሰው ሲቀመጥበት ይለያያል፣ ሲነሣ ይገናኛል። ነገሩ ይኸው ነበር። ግቢ ውስጥ ሲቆም የሚሠራው በርጩማው ላይ የሚቀመጥ ትርፍ ስላልነበረ ነው።

ቀና ስል ዓይኗ እኔ ላይ ነው። «አገኘኸው?» አለችኝ።

አገኘሁት ካልኩ ከዳባት መልስ ቤቷ ትገባለች፣ እሑድ ትዳራለች። አላገኘሁም ካልኩ ነገም ያ እጅ እዚያ ጉልበት ላይ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ትንፋሽ ነው። ወድጃት ነበር። መቼ እንደጀመረኝ አላውቅም፤ ምናልባት ወንድሟ ቤት ለእግር ኳስ ስመላለስ፣ ምናልባት ያን ዕለት ጠዋት። ከንፈሬን በደንብ እያንቀሳቀስኩ «ገና ነው» አልኳት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ማክሰኞ የከበደኝ ረቡዕ ቀለለኝ። ረቡዕና ሐሙስ ከእነሱ ጋር ተመላለስኩ። ሥራ የሌለው ሠራተኛ መስዬ እንዳልታይ አንድ የማያስፈልግ ነገር መነካካት ነበረብኝ፤ ስለዚህ ከውፈሩ አጠገብ ያለውን፣ ኔጋቲቩን ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር የሚያስረውን ቡሎን መረጥኩ። ምንም ያልሆነውን ቡሎን እፈታለሁ፣ አጠብቃለሁ፣ መልሼ እፈታለሁ። ወንድሟ በመስታወት እያየ «አይዞህ» ይለኛል። ያ «አይዞህ» ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዳባት ደርሰን ወረፋ ስንጠብቅ ከመናኸሪያው ዳር የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር እንቀመጥ ነበር፤ እሷ፣ ወንድሟና እኔ። ወንድሟ ብዙ ጊዜ ጎማ ሊያይ፣ ሰው ሊያናግር ይነሣል። ነፋሱ የባሕር ዛፉን ሽታ ያመጣል። ፊት ለፊቷ እቀመጥና እናወራለን።

«መጨረሻ የሰማሽው ድምፅ ምን ነበር?» አልኳት አንድ ቀን።

«የጎረቤት አህያ» አለችና ሳቀች። «ሰው መዝሙር ይሰማል፣ የእናቱን ድምፅ ይሰማል። ለእኔ አህያ ሰጠኝ።»

ደግሞ «የእኔ ድምፅስ ምን ይመስላል? እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። ጠይቃ የምታምነው ሰው አልነበራትም መሰለኝ። «ቀስ ይላል» አልኳት። «እንደ አምቢኮ መንደር ሽማግሌ፣ አንዷን ቃል ሳያኝክ አይተዋትም።» እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ስለ ሙሽራው ጠየቅኳት፤ ዳባት ውስጥ እህል የሚነግድ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጥሩ ሰው እንደሆነ ስጠይቃት «ሲያናግረኝ ፊቱን ያዞርልኛል፤ ማንም ሳይነግረው» አለች። ለእሷ ይህ ምን ያህል እንደሆነ ስለገባኝ ሌላ አልጠየቅኩም።

ዛሬ ዳባት ውስጥ የልጆች እናት ናት፤ ሰውዬውም እንዳለችው ነው። ይህን አሁን የምነግርህ በትዳሯ እንዳታዝንላት ብዬ ነው።

ዓርብ ጠዋት እናቲቱ ወደ ሱቄ መጡ። ቆመው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው «ልጄ» አሉኝ፤ «ሰው ማውራት ጀምሯል። የሙሽራው እናት ጆሮም ደርሷል አሉ። ሙሽራ ሦስት ቀን በመኪና ስትዞር የት ታይቷል? ካልተገኘ ይቅር፤ ልጄ ትከተት። በዝምታዋ ትሂድ፣ ምን ይደረግ» አሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው ሞላ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለእኔ ሁለት ቀን ደስታ ሲባል በሰው አፍ የገቡት እናትና ልጅ ናቸው፤ አደራው ደግሞ የእኔ ነበር።

«ዛሬ አገኘዋለሁ» አልኳቸው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አገኘሁት፤ እንዴት አላገኘው! የተበጣጠሰውን ቆርጬ ጣልኩ፣ በአዲስ ሽቦ ቀጠልኩ፣ ከበርጩማ እግር ርቆ በወንበሮቹ ጎን እንዲያልፍ አደረግኩ። ስድስት ጎረምሳ በርጩማ ላይ ጭነን ሞከርነው፤ ንቅንቅ አላለም። ወንድሟ አቅፎ አነሣኝ። እናቲቱ «እጅህ ይባረክ፣ ያሰብከው ይሙላልህ» ብለው መረቁኝ። አሜን ማለት አፍሬ አንገቴን ደፋሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ከአባቷ ቤት ወጣች። እልልታው፣ ከበሮው፣ የመኪናው ጡሩምባ ሰማዩን አናወጠው። በነጭ ቀሚስ፣ ፊቷ በስሱ ነጠላ ተሸፍኖ፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ሙሽራው አጠገቧ። እኔ ከወንበሩ ኋላ፣ ዕቃ በሚጫንበት፣ በለስላሳ ሣጥኖች መሐል ከውፈሩ ጋር ተቀመጥኩ፤ ድንገት ቢበላሽ ብለው ወንድሟና እናቷ ግድ ብለውኝ ነው። የሠርጉ ዘፈን ተከፈተ። ፊቷ አይታየኝም፤ የሚታየኝ አንገቷና ትከሻዋ ነው። ምቱ ጀርባዋን ሲነካው ትከሻዋ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሰው እንዳያይባት በሚመስል፣ መነቅነቅ ጀመረ። እስክስታ ነበር። ሚዜዎቹ ከሚጨፍሩት ጋር እኩል ትወርደዋለች።

ከደባርቅ ወጥተን የመጀመሪያው ጎርባጣ ላይ ስንደርስ ትከሻዋ ቆመ።

ሰዎቹ ምንም አላወቁም፤ ዘፈኑ ከፊት ስፒከሮች ይወጣል፣ እነሱም ይዘፍናሉ። የሆነውን ያወቅነው ሁለታችን ብቻ ነን። ወደ ሳጥኑ ጎንበስ አልኩ። የኔጋቲቩ ሽቦ ተንጠልጥሏል፤ ቡሎኑ ወድቋል። አንሥቼ ልመልሰው ስሞክር ከሥሩ ባዶውን ይዞራል፤ ጥርሱ አልቋል። ያ ምንም ያልነበረው ቡሎን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ በውሸት ስፈታና ሳጠብቅ ጥርሱን የበላሁት እኔ ነኝ።

ሌላ ቡሎን አልያዝኩም። ቁም ብዬ እንዳልጮህ የሙሽራ አጀብ መንገድ ላይ አይቆምም፤ ክፉ ምልክት ነው፣ ስለ እሷ ደግሞ በቂ ተወርቷል። የሽቦውን ጫፍ በአውራ ጣቴ ብረቱ ላይ ተጫንኩት። ሳጥኑ አጓራ። ቀና ብዬ አየሁ፤ ትከሻዋ ተመለሰ።

እስከ ዳባት እንደያዝኩት ሄድኩ። መኪናው በዘለለ ቁጥር ጣቴ ሊንሸራተት ይላል፤ በተንሸራተተም ጊዜ ትከሻዋ ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ ይቀጥላል። በደንብ ያልታሰረ ሽቦ ይግላል። ወቅንን ስናልፍ ጣቴ መንደድ ጀመረ፤ ወደ ሌላው እጅ አዛወርኩት፣ ሁለተኛውም ነደደ፣ ወደ መጀመሪያው መለስኩት። ከፊቴ በአንድ ክንድ ርቀት ወደ ሌላ ሰው ቤት እየሄደች ትጨፍራለች። እንዳይቆምባት ስጫን፣ ደግሞ ዳባት ባልደረስን ስል፣ አንዱ ምኞት ከሌላው ጋር ሲጣላብኝ ነው የደረስነው።

ዳባት የሙሽራው ዘመዶች መኪናውን ከበቡት። በሩ ተከፈተ፣ ሚዜዎቹ ወረዱ፣ ሙሽራው እናቱን ሊስም ቀድሞ ወረደ። እሷ ለመውረድ ተነሣችና ድንገት ወደ ኋላ ዞረች። ጉልበቷን ወንበሩ ላይ አድርጋ፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ሽቦውን አየች፣ ጣቴን አየች። ከዚያ በዚያ ከፍና ዝቅ በሌለው ድምፅዋ፣ በእልልታው መሐል ለእኔ ብቻ በሚሰማ፣ ተናገረች።

«ማክሰኞ ነው ያገኘኸው። ገና ነው ስትለኝ ዓይንህ በርጩማው ላይ ነበር።»

ይቅርታ ልላት ነበር።

«እኔም አውቄ ዝም አልኩ» አለች። «ረቡዕንም፣ ሐሙስንም።»

አንዲት ሴትዮ ክንዷን ይዘው ሳቡዋት፤ ነጠላዋን መልሳ ጣለችና ወረደች። ሽቦውን ለቅቄ የኋላውን በር ገፍቼ ዘለልኩ። ምን ልላት እንደነበር ዛሬም በውል አላውቅም፤ ልናገር እንደነበረ ግን አውቃለሁ። በሰው ተከብባ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ድንኳኑ ትሄዳለች። ከበሮውንና እልልታውን አልፎ እስኪሰማ ድረስ ጉሮሮዬ በቻለው ሁሉ በስሟ ጠራኋት።

ሚዜዎቹ ዞሩ፣ ሴቶቹ ዞሩ፣ ሙሽራው ዞረ። ዝም ብላ የሄደችው እሷ ብቻ ናት።